ድንጋይ ከሰል፣ እንፋሎትና የሸዋ ደጋ
የመጀመሪያዎቹ ውቅያኖስ አቋራጭ መርከቦች በምን ኃይል ተንቀሳቀሱ? ለኛስ ምን አመጡልን?

መግቢያ

በሰሜን ሸዋ የመንዝ ደጋ ማዕከል የሆነችው መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የአካባቢው ገበሬ ግን እህሉን የሚያስፈጭበትን ሞተር «ባቡር» እያለ ይጠራዋል። ቃሉ እንፋሎት የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ «ቫፖሬ» ተነሥቶ፣ በዓረብኛ «ባቡር» ወይም «ዋቡር» ተብሎ የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ከሆነ በኋላ ወደ አማርኛ የገባ ነው። የምድሩ ባቡርና የእህል ወፍጮው ስማቸውን ያገኙት ከመርከቡ ነው ማለት ይቻላል።

ከመርከቡ የተወረሰው ስም ብቻ አይደለም። የእንፋሎት መርከብ መርከበኛውን ከነፋስ ጥገኝነት ቢያላቅቀውም በምትኩ የድንጋይ ከሰል ጥገኛ አድርጎታል። የአውሮፓ ኃይሎችን በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ካሰፈሩት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱም ይኸው ጥገኝነት ነው። በዚህ ጽሑፍ መርከቦቹ ምን እያነደዱ፣ በምን ዘዴ ይጓዙ እንደነበር፣ የከሰል ፍላጎታቸው ለሸዋ ደጋ ምን እንዳስከተለ፣ በምድጃዎቹ ፊት የቆሙት ሠራተኞችም ምን ዓይነት የጤና ዋጋ እንደከፈሉ በአጭሩ ይዳሰሳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈላ ውኃ ጉልበት

በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በመሐል ሜዳ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮና ባቄላ በደጋ ቶሎ የማይበስሉትም ስለዚህ ነው። በተቃራኒው ውኃ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ግፊቱም የመፍያ ሙቀቱም ይጨምራሉ። በየሆስፒታሉ የሚገኘው አውቶክሌቭ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ሲሆን 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ወለል ከአካባቢው አየር በላይ አንድ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል። በመሐል ሜዳ ከፍታ የመለኪያው ንባብ ወደ 1.3 ከፍ ካላለ ዕቃው በሚገባ አይመክንም።

የመርከብ ቦይለር የዚሁ ዕቃ ታላቅ ወንድም ነው። ከሥሩ በምድጃ ድንጋይ ከሰል ይነድዳል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ የፒስተኑ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ በክንድና በዘንግ ወደ መሽከርከር ይለወጣል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ወደ ኮንደንሰር ገብቶ በቀዝቃዛ ውኃ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። እንፋሎት ወደ ውኃ ሲለወጥ መጠኑ እጅግ ስለሚያንስ በቦታው ባዶነት ይፈጠራል፤ ይህም ባዶነት ፒስተኑን ከሌላው ወገን ይስበዋል።

በ1830ዎቹ የነበሩት የባሕር ቦይለሮች የሚሠሩበት ተጨማሪ ግፊት ከአንድ ከባቢ አየር ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። ውቅያኖስ ያቋረጡት የመጀመሪያዎቹ ቦይለሮች ግፊታቸው በአንድ የወረዳ ሆስፒታል አውቶክሌቭ ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ጉልበታቸውም በአመዛኙ ከባዶነቱ ይገኝ ነበር። ችግሩን ያባባሰው ደግሞ ጨው ነው። ቦይለሩ የሚሞላው ከባሕሩ በተቀዳ ውኃ ስለነበር ውኃው ሲተን ጨው በግድግዳው ላይ እየጋገረ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በየጊዜው የጠነከረውን ጨዋማ ውኃ ወደ ባሕር እየለቀቁ አዲስ መሙላት ነበረባቸው። ከተለቀቀው ውኃ ጋር በከሰል የተገኘው ሙቀት አብሮ ይባክን ነበር።

ከሰል የሚበላ መርከብ

ይህ ሁሉ ብክነት ተደምሮ በ1830ዎቹ አንድ የፈረስ ጉልበት ለአንድ ሰዓት ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ድንጋይ ከሰል ይነድድ ነበር። መርከቡ ሩቅ ለመሄድ ብዙ ከሰል መጫን ነበረበት፤ ብዙ ከሰል ከጫነ ደግሞ ለመንገደኛና ለሸቀጥ ቦታ አይተርፍም።

ለዚህ አብነት የሚሆን ጉዞ የተደረገው በኛው አካባቢ ባሕር ነው። «ሂዩ ሊንድሴይ» የተባለችው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የእንፋሎት መርከብ በመጋቢት 1830 ከቦምቤይ ተነሥታ ወደ ስዌዝ አቀናች። መርከቧ የተሠራችው ለአምስት ቀን ተኩል ያህል የሚበቃ ከሰል እንድትይዝ ነበር። ከቦምቤይ እስከ ኤደን ያለው መንገድ ግን 11 ቀን ስለሚፈጅ ከሰሉ በመኝታ ክፍሎች ሳይቀር ተከመረ። ኤደን ስትደርስ የቀራት ለስድስት ሰዓት ያህል የሚበቃ ብቻ ነበር። ስዌዝ ለመድረስ በጠቅላላው 33 ቀን ገደማ ፈጅቶባታል፤ ከዚህ ውስጥ 12 ቀን ያህሉ ያለፈው በየወደቡ ከሰል በመጫን ነው። በየወደቡ የተከመረውም ከሰል ቀደም ብሎ በሸራ መርከብ የመጣ ነበር። ነፋስን ንቃ የተነሣችው መርከብ ምግቧን የምታገኘው በነፋስ በሚነዱ መርከቦች ነበር ማለት ነው።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል መፍትሔውን ያሳየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ብሩኔል ነው። የአንድ መርከብ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በእጥፍ ቢያድግ የመያዝ አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ውኃ የሚነካው አካሉ፣ ማለትም የውኃው ተቃውሞ፣ ግን አራት እጥፍ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ትልቅ መርከብ ከትንሹ ይልቅ በተመጣጣኝ ያነሰ ከሰል ይበቃዋል። ሐኪሞች ይህን ስሌት በሌላ መልኩ ያውቁታል። ጨቅላ ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ የሚቀዘቅዘው የቆዳው ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ በመሆኑ ነው።

በሚያዝያ 1838 የብሩኔል «ግሬት ዌስተርን» ከብሪስቶል ተነሥታ በ15 ቀን ኒውዮርክ ገባች። በሸራ መርከብ ይህ አቅጣጫ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ከእርሷ አንድ ቀን ቀድማ የደረሰችው አነስተኛዋ «ሲሪየስ» ከሰሏን ልትጨርስ ተቃርባ ሳለ «ግሬት ዌስተርን» ግን 200 ቶን ያህል ተርፏት ነበር። ውቅያኖስን በመደበኛ የጊዜ ሰሌዳ የማቋረጥ ዘመን በዚህ ተከፈተ።

ኤደንና አንኮበር

የሕንድ መስመር መርከቦች ግን በመንገድ ላይ የከሰል ማከማቻ የግድ ያስፈልጋቸው ነበር። እንግሊዞች በጥር 1839 ኤደንን በኃይል ያዙ። ሰበቡ የአንዲት የተሰበረች የሕንድ መርከብ መዘረፍ ቢሆንም ዋናው ፍላጎት በቦምቤይና በስዌዝ መካከል አስተማማኝ የከሰል ጣቢያ ማግኘት ነበር። ኤደን በተያዘች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ሸዋ መጡ።

በዚያን ጊዜ በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) ነበሩ። የሥርወ መንግሥታቸው መሥራች ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከመንዝ የተነሡ ስለነበሩ፣ ዘራቸው የሚመዘዘው ዛሬ መሐል ሜዳ ካለችበት ደጋ ነው። በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ በሚያዝያ 1841 «ኦክላንድ» በተባለች የእንፋሎት የጦር መርከብ ከቦምቤይ ተሳፍሮ ኤደን ደረሰ። ከኤደን እስከ ታጁራ በሸራ መርከብ ተሻገረ፤ ከታጁራ በኋላ ደግሞ በግመልና በበቅሎ የአሳልን ሐይቅ በረሃ አቋርጦ ከአንድ ወር በላይ ተጓዘ። ከልዑኩ አባላት መካከል የቦምቤይ የሕክምና አገልግሎት ረዳት ሐኪም የነበረው ሩፐርት ኪርክ ይገኝበታል። በኅዳር 1841 በንጉሡና በእንግሊዝ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1843 ተመሳሳይ ውል ተዋዋለ።

የሸዋ ነገሥታት ከባሕር ማዶ ጋር የመገናኘት ፍላጎት ከዚያም በፊት ነበራቸው። ሆኖም በኤደን የከሰል ክምር ባይኖር ኖሮ የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ዓመት፣ በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ስፋት ልዑክ ይልክ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ከመንኰራኵር ወደ ፕሮፔለር

የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች የሚገፉት በግራና በቀኝ ጎናቸው በተተከሉ፣ ውኃ የሚቀዝፉ ታላላቅ መንኰራኵሮች ነበር። ይህ ዘዴ ለወንዝ ተስማሚ ቢሆንም በውቅያኖስ ላይ ሁለት ጉድለት ታየበት። አንደኛ፣ መርከቡ ከሰል ጠግቦ ሲነሣ መንኰራኵሮቹ ከልክ በላይ ይጠልቃሉ፤ ከሰሉ ሲያልቅ ደግሞ መርከቡ ከፍ ስለሚል ውኃውን በቅጡ አይነኩትም። ሁለተኛ፣ በማዕበል መርከቡ ሲያዘነብል አንዱ ሲጠልቅ ሌላው በአየር ላይ ይሽከረከራል።

መፍትሔው ከመርከቡ ኋላ፣ ከውኃው በታች የሚሽከረከር ፕሮፔለር ሆነ። በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በመንኰራኵር የምትነዳዋን «አሌክቶ» እና በፕሮፔለር የምትነዳዋን «ራትለር» ጀርባ ለጀርባ አስሮ በሙሉ ጉልበታቸው አጓተታቸው። «ራትለር» ተጋጣሚዋን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ጎተተቻት። በዚያው ዓመት በብረት የተሠራችው ባለ ፕሮፔለሯ «ግሬት ብሪቴን» አትላንቲክን አቋረጠች።

የከሰሉን ብክነት የቀነሱት ደግሞ ሁለት ማሻሻያዎች ናቸው። አንደኛው እንፋሎቱን ከባሕር ውኃ ጋር ሳይቀላቅል በቧንቧዎች ግድግዳ በኩል የሚያቀዘቅዝ ኮንደንሰር ነው። በዚህም ንጹሕ ውኃ ወደ ቦይለሩ ስለሚመለስ የጨው ግግሩ ቀነሰ፤ ግፊቱንም ከፍ ማድረግ ተቻለ። ሁለተኛው በአንድ ሲሊንደር የሠራውን እንፋሎት ወደ ሁለተኛ፣ ኋላም ወደ ሦስተኛ ሲሊንደር አሳልፎ እንደገና ማሠራት ነው። በ1866 ባለ ሁለት እርከን ሞተሯ «አጋሜምኖን» ከሊቨርፑል እስከ ሞሪሸስ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመንገድ ከሰል ሳትጨምር ተጓዘች። በ1881 የተሠራችው «አበርዲን» ደግሞ ባለ ሦስት እርከን ሞተርና ከስምንት ከባቢ አየር በላይ ግፊት ነበራት። ቀድሞ 3 እና 4 ኪሎ ይፈልግ የነበረው ሥራ በእነዚህ መርከቦች በ1 ኪሎ፣ ኋላም በ700 ግራም ገደማ ይከናወን ጀመር።

የስዌዝ ቦይ በኅዳር 1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የዓለም ዐቢይ መንገድ ሆነ። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን በ10,000 ብር ገዝታ ነበር። እስከ 1884 ድረስ ግን እምብዛም አልተጠቀመችበትም። በዚያ ዓመት በቶንኪን ጦርነት ሳለች እንግሊዞች በኤደን ለጦር መርከቦቿ ከሰል ሲከለክሏት በኦቦክ የራሷን ጣቢያ አደራጀች። ከዚያም ወደ ጅቡቲ ተዛወረች። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ቦዩ በተከፈተበት በዚያው ወር አሰብን ገዛ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ደግሞ ምጽዋን ያዘ። ከከሰል ጣቢያነት የተጀመረው በዚህ መልክ ወደ ቅኝ ግዛትነት አደገ።

በምድጃው ፊት የቆሙት

መንገደኛው ከላይ በነፋሻው ሰገነት ሲዝናና ከታች በመርከቡ ሆድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ነበሩ። አንደኞቹ ከሰሉን ከማከማቻው እያወጡ በጋሪ ወደ ምድጃው ያቀርባሉ፤ ሁለተኞቹ በአካፋ ወደ እሳቱ ይወረውራሉ፣ ይቆሰቁሳሉ፣ አመዱን ይጠርጋሉ። ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ። በአንድ ፈረቃ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ቶን በላይ ከሰል ያነሣል። በቀይ ባሕር የበጋ ወራት የምድጃው ክፍል ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ ይደርስ ነበር። በ1907 ሥራ የጀመረችው «ሞሪታንያ» 192 ምድጃዎች ነበሯት፤ በቀን 1,000 ቶን ያህል ከሰል ታነድድ ነበር። ይህ ሁሉ የሚገባው በሰው ክንድ ነበር።

በእነዚህ ሠራተኞች ላይ የታየው ድንገተኛና ብርቱ የጡንቻ መኮማተር በእንግሊዝ ሐኪሞች ዘንድ በምድጃ ሠራተኞቹ ስም የሚጠራ በሽታ እስከ መሆን ደርሷል። በብዛት የሚያልባቸው ሰዎች በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ፣ ከውኃውም ጋር ጨው ያጣሉ። ጥማታቸውን በንጹሕ ውኃ ብቻ ሲያረኩ በደማቸው ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። በ1923 ሞስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በከሰል ቆፋሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት የመኮማተሩ ምክንያት የጨው እጥረት መሆኑን፣ በሚጠጣው ውኃ ላይ ጥቂት ጨው መጨመርም እንደሚከላከለው አስረዳ። ከዚያ በፊት መርከበኞች በልምድ የአጃ ዱቄት የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጡ ነበር። የመንዝ ገበሬ ለረጅም መንገድ የሚሰንቀው ጨው የገባበት የገብስ በሶ፣ በውኃ ሲበጠበጥ፣ ከዚህ ልምድ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም።

በቀይ ባሕር የሚያልፉ የአውሮፓ መርከቦች በኤደን የመናውያንንና ሶማሌዎችን ለምድጃ ሥራ ይቀጥሩ ነበር። የሚከፈላቸው ደመወዝ ከአውሮፓውያኑ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ለዚህም ሲሰጥ የነበረው ምክንያት «የሞቃት አገር ተወላጅ ሙቀት አይጎዳውም» የሚል ነበር። የሰውነት አሠራር ጥናት ይህን አይደግፍም። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በዘር ሳይሆን በመጋለጥ ነው። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የደም መጠን ይሰፋል፤ የልብ ምት ይረጋጋል። ይህ ለማንኛውም ጤናማ ሰው የሚሠራ ነው። ገደብ እንዳለውም ሁሉ የታወቀ ነው። የሙቀት ምት የለመደውንም ሰው ይገድላል።

ፍጥነትና በሽታ

የእንፋሎት መርከብ ያሳጠረው የሰውን ጉዞ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በሸራ መርከብ ወረርሽኝ ቢነሣ ብዙውን ጊዜ መርከቡ ወደብ ሳይደርስ በሽተኛው ይሞታል ወይም ይድናል። ረጅሙ ባሕር ራሱ እንደ ኳራንቲን ያገለግል ነበር። ጉዞው ሲያጥርና ተሳፋሪው ሲበዛ ይህ አጥር ፈረሰ። በ1865 ከመካ የሚመለሱ ምእመናንን በጫኑ የእንፋሎት መርከቦች ኮሌራ ወደ ስዌዝ፣ ከዚያም ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተዛመተ። መንግሥታት በ1866 በቁስጥንጥንያ የጤና ጉባኤ የጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገብቶበት ሰፈሩን ለመልቀቅ ተገዷል።

ከዚህ የከፋው የደረሰው በ1887 እና በ1888 ነው። የከብት ደስታ በሽታ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ ከተራገፉና ከሕንድ እንደመጡ በሚታመንባቸው ከብቶች ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህ ቫይረስ ምልክት ሳያሳይ በከብቱ አካል ከ3 እስከ 15 ቀን ይቆያል። የእንፋሎት መርከብ የሕንድን ውቅያኖስ የሚያቋርጠው በዚሁ የጊዜ ልክ በመሆኑ ጤነኛ መስሎ የተጫነ ከብት ጤነኛ መስሎ ሊራገፍ ይችላል። በሽታው ወደ ደቡብ እየገሰገሰ የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በበሬ ለሚያርስ፣ ዛፍ በራቀበት ደጋም ምድጃውን በኩበት ለሚያነድድ ሕዝብ የከብት ማለቅ ሦስት ጉዳት ነበር፦ እርሻው ቆመ፣ ወተቱ ነጠፈ፣ ማገዶውም ጠፋ። እስከ 1892 የዘለቀው «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ በድርቅ፣ በአንበጣና በዚህ እልቂት የተፈጠረ ነው። የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

ባሕሩ በጎም ሥራ ሠርቷል። እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ ሲመለሱ አንድ ሕፃን በባሕር ወደ ሕንድ ወሰዱ። ይህ ሕፃን በላሆር ሕክምና ተምሮ በ1899 ወደ አገሩ የተመለሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የባሕር መንገዱ ልጅ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቆቹ መርከቦች ከሰልን ትተው ወደ ነዳጅ ዘይት ዞሩ። ዘይት በቧንቧ ስለሚፈስ አካፋ አያስፈልገውም። የ«ታይታኒክ» እኅት የነበረችው «ኦሊምፒክ» በ1920 ወደ ዘይት ስትለወጥ ከ240 በላይ የነበሩት የምድጃ ሠራተኞች ወደ 60 ያህል ወረዱ። እጅግ አድካሚ የነበረው የባሕር ሥራ በዚህ መልክ አበቃ፤ የብዙዎች እንጀራም አብሮ ተቋረጠ።

ከዚህ ታሪክ ለሐኪሞች ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው ወረርሽኝ የሚጓዘው በመጓጓዣው ፍጥነት መሆኑ ነው። አዲስ መንገድ፣ አዲስ ወደብ ወይም አዲስ የአየር መስመር ሲከፈት የበሽታው የመደበቂያ ጊዜ ከጉዞው ርዝመት ጋር መነጻጸር አለበት። በ1887 ይህን ስሌት ያሰላ ቢኖር ኖሮ የምጽዋ ከብቶች ከመራገፋቸው በፊት ተለይተው በቆዩ ነበር። ሁለተኛው የሙቀት ጉዳት ነው። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋ ለቀን ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርደው ወጣት ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በእነዚያ ቀናት ሥራው ቢቀልለት፣ ጥላ ቢያገኝ፣ ከውኃው ጋር ጨው ያለበት ምግብ ቢቀርብለት ከብዙ አደጋ ይድናል። በቆላ ጤና ጣቢያ ጡንቻው ተኮማትሮ ወይም ራሱን ስቶ የመጣን የደጋ ልጅ የሚመረምር ባለሙያም ወባን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ሊያስብ ይገባል። የምድጃ ሠራተኞቹ ይህን ዕውቀት በሕይወታቸው ከፍለው አስተምረውናል፤ ዛሬ ያለ ዋጋ በእጃችን ይገኛል።